ቆጣሪ መግጠም፦ ከስልጠና እስከ ሲኦሲ፣ የምትወድቁባቸው ቦታዎች አንድ በአንድ

ለሲኦሲ፣ ማለትም ለሙያ ብቃት ምዘና፣ የማዘጋጃቸው ልጆች ሲወድቁ እያየሁ ነው ይህን የምጽፈው። የሚወድቁት የኦምን ሕግ ስለማያውቁ አይደለም። የጽሑፍ ፈተናውን ብዙዎቹ ያልፋሉ። ተግባሩ ላይ፣ ቆጣሪው ፊት ሲቆሙ፣ ቅደም ተከተሉ ይጠፋቸዋል። ሳይለኩ ሽቦ ይይዛሉ። ሥዕሉን ሳያዩ ይገጥማሉ። አጥብቀነዋል ያሉት ሽቦ ሳብ ሲደረግ ውልቅ ይላል። መዛኙም እዚያው ያስቆማቸዋል።

የጻፍኩት ባህር ዳርና የጣና ዳርቻ ላይ ሆናችሁ ሙያውን ለምትጀምሩ ነው። ደረጃ ሳትዘሉ ተከተሉ።

1. የትኛው ቆጣሪ እንደሆነ ወስኑ

የመብራት ቆጣሪና የውሃ ቆጣሪ ሁለት የተለያዩ ሙያዎች ናቸው። የመብራቱ መንገድ የኤሌክትሪክ ኢንስታሌሽን ስልጠና ነው። የውሃው የቧንቧ ሥራ ስልጠና ነው። የአንዱ ምዘና ለሌላው አያገለግልም።

ለውሃው የምላችሁ አጭር ነው። ከመግጠማችሁ በፊት መስመሩን ከፍታችሁ ውሃ በደንብ ልቀቁበት፤ አሸዋና የክር ፍቅፋቂ ካልወጣ ቆጣሪውን ይነክሰዋል። ቆጣሪው አካል ላይ ያለው ቀስት ውሃው በሚሄድበት አቅጣጫ ይሁን። ቁጥሩ ወደ ላይ ይሁን፣ ቆጣሪው አይጋደም። ቴፍሎኑን ክሩ በሚጠብቅበት አቅጣጫ ጠምጥሙ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ስለ መብራት ነው፤ ሰው የሚሞተውም በዚህኛው ነው።

2. ከመመዝገባችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ

ከምታገኟቸው ዘርፎች ቀጥተኛው «የህንፃ ኤሌክትሪክ ኢንስታሌሽን» ነው። ባህር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ አለላችሁ፤ የግል ኮሌጆችም አሉ። ብር ከመክፈላችሁ በፊት ግን ቢሮ ገብታችሁ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ።

- ለዚህ ሙያና ለዚህ ደረጃ ፈቃድ አላችሁ ወይ? ፈቃድ የሚሰጠው በየሙያውና በየደረጃው ነው። ኮሌጁ ለደረጃ 2 ፈቃድ ስላለው ብቻ ደረጃ 3ን ማስተማር ይችላል ማለት አይደለም። ወረቀቱን እዩ።
- ወርክሾፑ ውስጥ ተገጥሞ የሚሠራ ቆጣሪ አለ ወይ? «ገብቼ ልይ» በሉ። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ሥዕል ብቻ ካሳዩአችሁ ሌላ ቦታ ፈልጉ።
- የትብብር ስልጠናውን፣ ማለትም ሥራ ቦታ ላይ የምንማረውን፣ የት ድርጅት ትልኩናላችሁ? «ራሳችሁ ፈልጉ» የሚል መልስ ከሆነ ከአሁኑ መፈለግ ጀምሩ።

አንዱ ተማሪዬ የመጀመሪያውን ጥያቄ ሳይጠይቅ አንድ ዓመት ሙሉ ከፈለ። ለምዘና ሲመዘገብ ኮሌጁ ለዚያ ደረጃ ፈቃድ እንደሌለው ታወቀ። ልጁ እንደገና ከዜሮ ጀመረ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ማስጠንቀቂያ፦ ስማችሁን አስተካክሉ። ፋይዳችሁ ላይ ስማችሁ በ«ኃ»፣ ትራንስክሪፕታችሁ ላይ በ«ሀ» ከተጻፈ፣ የእንግሊዝኛው ፊደልም የተለያየ ከሆነ፣ ምዝገባ ላይ ትመለሳላችሁ። ይህን የምዘናው ሳምንት ሳይሆን የምዝገባው ቀን አስተካክሉት።

3. የትብብር ስልጠናውን መሰላል ይዛችሁ አትጨርሱት

በእኛ ሥርዓት ስልጠናው አብዛኛው በሥራ ቦታ፣ የቀረው በኮሌጅ እንዲሆን ነው የታሰበው። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ግን ሰልጣኙ መሰላል ይይዛል፣ ውሃ ይገዛል፣ መኪና ይጠብቃል። ጊዜው ያልቅና ማኅተም ተመቶለት ይመለሳል።

ይህን አድርጉ፦

ሀ. ትንሽ ደብተር ግዙ። በየቀኑ አራት ነገር ጻፉ፦ ቀን፣ የቆጣሪው ዓይነት፣ በእጄ የሠራሁት፣ የተበላሸውና እንዴት እንደተስተካከለ። ያየሁትን አትጻፉ። የሠራሁትን ብቻ።

ለ. አብራችሁት ለምትሠሩት ባለሙያ በመጀመሪያው ቀን ንገሩት፦ «ጋሼ፣ ዛሬ አያለሁ፤ ከነገ ጀምሮ ግን አንዱን ጫፍ እኔ ልሥራ፣ እርስዎ ይፈትሹልኝ።» እንዲህ ተብሎ እምቢ የሚል ባለሙያ ብዙም አልገጠመኝም።

ሐ. በየሳምንቱ ደብተሩን አስፈርሙ። በመጨረሻው ቀን ላስፈርም ካላችሁ ሰውየው ፊልድ ይሆናል።

ሴት ሰልጣኞች «አንቺ ቢሮ ሆነሽ ወረቀቱን ያዢ» ይባላሉ። በጨዋ ቋንቋ እምቢ በሉ። መዛኙ የሚያየው ሽቦ ስትልጡና ብሎን ስታጠብቁ ነው፤ ፋይል ማደራጀት አይመዘንም።

4. ዕቃ፦ ሁለቱ ላይ አትቆጥቡ

ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ሽቦ መላጫ፣ ቱንቢ ወይም ውሃ ልክ፣ ሜትር፣ ምልክት ማድረጊያ ቴፕ። እነዚህን እንደ አቅማችሁ ግዙ፤ የእጀታቸው መሸፈኛ 1000 ቮልት የሚል ምልክት ይኑረው። መለኪያና ጓንት ላይ ግን አትቆጥቡ።

መለኪያ፦ ትንሿ ብርሃን የምትሰጠው ካቻቢቴ ቴስተር «ኮረንቲ የለም» ብላ ልትዋሽ ትችላለች። ደረቅ እንጨት ላይ ቆማችሁ ከሆነ፣ ወይም ፀሐይ ላይ ከሆናችሁ፣ ብርሃኗን ላታዩት ትችላላችሁ። መልቲሜትር ያዙ። ጎኑ ላይ «ካት 4፣ 600 ቮልት» የሚል ይኑርበት፤ ከምሰሶ በቀጥታ የሚመጣ መስመር ላይ የሚሠራ መለኪያ ይህን ያህል መቻል አለበት።

ጓንት፦ የኤሌክትሪክ ጓንት እንጂ የግንበኛ ጓንት አይደለም። ሁልጊዜ ከማጥለቃችሁ በፊት አፉን ጠቅልላችሁ አየሩን ወደ ጣቶቹ ግፉት፣ ጆሯችሁ ስር አድርጉት። ፍስ የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ቀዳዳ አለው። ጣሉት።

የአሉሚኒየም መሰላል ለዚህ ሥራ አይሆንም። ቀለበት፣ የብረት ሰዓት፣ የአንገት ሐብል አውልቁ። መስቀላችሁ በክር ይሁን።

5. ቤት ውስጥ መለማመጃ ሰሌዳ ሥሩ

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ተግባራዊ የምታደርጉ ከሆነ ይህን አድርጉ። ሰሌዳው ያለው ልጅና የሌለው ልጅ እጃቸው ሲሠራ ይለያል።

ወፍራም ኮምፔንሳቶ፣ ገበያ ላይ ለተከራይ መከፋፈያ የሚሸጠውን ትንሽ ቆጣሪ፣ ባለሁለት ፖል ብሬከር፣ ሁለት አምፖል መያዣ፣ አንድ ሶኬት። ሰሌዳውን የምታገናኙበት ሶኬት 30 ሚሊአምፔር ላይ የሚቆርጥ የመሬት ፍሳሽ ብሬከር ይኑረው። ብቻችሁን ሆናችሁ ኮረንቲ አትልቀቁ። አጠገባችሁ ያለው ሰው ዋናው ማጥፊያ የት እንዳለ ይወቅ።

አሁን ቅደም ተከተሉ፦

5.1 የቆጣሪውን ፊት አንብቡ። «5(60) አምፔር» የሚለው መነሻው 5፣ ከፍተኛው 60 አምፔር ነው ማለት ነው። «1600 ኢምፐልስ በኪሎዋት ሰዓት» የሚለውን ደብተራችሁ ላይ ጻፉ፤ የቆጣሪው ቀይ መብራት በአንድ ኪሎዋት ሰዓት 1600 ጊዜ ብልጭ ትላለች ማለት ነው። በኋላ ትፈልጉታላችሁ።

5.2 የታችኛውን ክዳን ከፍታችሁ ሥዕሉን እዩ። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። ፌዝ ኮረንቲ የሚያመጣው ሽቦ ነው፣ ኒውትራል የሚመልሰው። ነጠላ ፌዝ ቆጣሪዎች ሁለት ዓይነት አደራደር አላቸው። በአንዱ ከግራ ወደ ቀኝ፦ ፌዝ ገቢ፣ ፌዝ ወጪ፣ ኒውትራል ገቢ፣ ኒውትራል ወጪ። በሌላው፦ ፌዝ ገቢ፣ ኒውትራል ገቢ፣ ኒውትራል ወጪ፣ ፌዝ ወጪ። ከላይ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። ሁለተኛውን የለመደ እጅ የመጀመሪያው ላይ ፌዝና ኒውትራልን በአንድ መንገድ ላይ ያገናኛል፤ ያ ደግሞ ቀጥታ ሾርት ነው። «ይህን ቆጣሪ አውቀዋለሁ» አትበሉ። መቶኛው ቢሆንም ክዳኑን ገልብጡና ሥዕሉን በጣታችሁ ተከተሉ።

5.3 ቆጣሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ስቀሉ። ዓይን ትክክል። ቱንቢ አስይዙት።

5.4 ሽቦውን በልኩ ላጡ። ከተርሚናሉ ውጭ መዳብ አይታይ። ብሎኑ ስር ደግሞ ፕላስቲክ አይግባ። እያንዳንዱ ቀዳዳ ሁለት ብሎን ካለው ሁለቱም መዳቡን ይንከሱ። ከምሰሶ የሚመጣው አሉሚኒየም ከሆነ ከመዳብ ጋር በቀጥታ አታጣምሩት፤ ለሁለቱ ተብሎ የተሠራ ማገናኛ አለ።

5.5 በዚህ ቅደም ተከተል እሰሩ። መጀመሪያ ወደ ቤት የሚሄደውን፣ በኋላ ከምንጭ የሚመጣውን። ኒውትራል ይቅደም፣ ፌዝ ይከተል። ስትፈቱ ግን ገልብጡት፦ ፌዝ ይቅደም። አጥብቁ፣ ጥቂት ጠብቁ፣ እንደገና አጥብቁ። ከዚያ እያንዳንዱን ሽቦ ሳብ አድርጉ።

ስለ ብሎን አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ዓባይ ማዶ አንድ ቤት ነበር። መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚለው እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ብቻ ነው። ባለቤቶቹ ምጣዱን ሁለት ጊዜ አሠሩት። ከኤሌክትሪክ አገልግሎት ሠራተኞች ጋር ሄደን የቆጣሪው ክዳን ሲከፈት የኒውትራሉ ብሎን የነከሰው የሽቦውን ፕላስቲክ ነበር። መዳቡ በጠርዙ ብቻ ነው የነካው። ጫፉ እንደ ከሰል ጠቁሯል፤ ፕላስቲኩ ቀልጦ ተንጠባጥቧል። አምፖልና ቴሌቪዥን ትንሽ ስለሚጎትቱ ችግሩ አይታይም። ምጣድ 3.5 ኪሎዋት አካባቢ ሲሆን 16 አምፔር ገደማ ይጎትታል፤ ያኔ ያቺ ጠርዝ ትግላለች። ሁለት ሚሊሜትር ፕላስቲክ አለመላጥ ቤት ሊያቃጥል ነበር።

5.6 ኮረንቲ ሳትለቁ ፈትሹ። የኢንሱሌሽን መለኪያ (የሽቦው መሸፈኛ ኮረንቲ እንደማያሳልፍ የሚፈትሽ) ካላችሁ በ500 ቮልት የቤቱን መስመር ለኩ፤ ቢያንስ 1 ሜጋኦም ይሁን። ከዚያ በፊት ግን ቆጣሪውንና የተሰካውን ዕቃ ሁሉ ነጥሉ። 500 ቮልት የቆጣሪውን ኤሌክትሮኒክስ ሊገድለው ይችላል።

5.7 ልቀቁና ለኩ። ብሬከሩ ጠፍቶ ገቢውን ለኩ፦ ፌዝና ኒውትራል 220 አካባቢ፣ ፌዝና መሬት ተቀራራቢ፣ ኒውትራልና መሬት ወደ ዜሮ የተጠጋ። ከዚያ ወጪውን ለኩ። ከዚያ ብሬከሩን አንሡ።

5.8 ቆጣሪው በትክክል መቁጠሩን አረጋግጡ። ባለክር 100 ዋት አምፖል ብቻ አብሩ። በ1600 ኢምፐልስ ቆጣሪ ላይ ቀዩዋ መብራት በ3 ደቂቃ ውስጥ 8 ጊዜ ያህል ብልጭ ማለት አለባት። ማታ ማታ ቮልቴጁ ሲወርድ አምፖሉ ራሱ ስለሚደክም ቁጥሩ ይቀንሳል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ቮልቴጁን ለኩ። ቀጥላችሁ ሁሉንም አጥፉ። ብልጭታው መቆም አለበት።

ይህን ሁሉ ቢያንስ ሃያ ጊዜ ሥሩ፣ ፍቱ፣ እንደገና ሥሩ። ከአሥረኛው በኋላ ጓደኛችሁ አጠገብ ቆሞ ጥያቄ ይጠይቃችሁ። ምዘናውም እንደዚያው ነው።

6. ሲበላሽ ምን ታደርጋላችሁ?

*ብሬከሩ እንደተነሣ ወረደ።* ደግማችሁ አታንሡት። አጥፉ፣ ለኩ፣ ወደ 5.2 ተመለሱ።

*ሁሉም ጠፍቶ ቆጣሪው ይቆጥራል።* ያልነቀላችሁት ዕቃ ወይም ወደ መሬት የሚፈስ መስመር አለ። ብሬከሮቹን አንድ በአንድ እያወረዳችሁ የትኛው ሲወርድ ብልጭታው እንደሚቆም እዩ።

*«ተቃራኒ አቅጣጫ» ምልክት በራ።* ገቢና ወጪ ተለዋውጠዋል።

*አንዱ ክፍል ደምቆ ሌላው ደበዘዘ።* በሦስት ፌዝ ግቢ ውስጥ ይህ የላላ ኒውትራል ምልክት ነው። ወዲያው ዋናውን አጥፉ። ኒውትራሉ ጨርሶ ከተቆረጠ አንዳንዱ ክፍል ወደ 380 የተጠጋ ቮልቴጅ ሊደርሰው ይችላል፤ የተከራዮቹ ፍሪጅና ቴሌቪዥን አብረው ይሄዳሉ።

*ሰው ኮረንቲ ያዘው።* አትንኩት። ዋናውን አጥፉ። ማጥፋት ካልተቻለ በደረቅ እንጨት አላቁት። የማይተነፍስ ከሆነ 30 ጊዜ ደረቱን ተጫኑ፣ 2 ጊዜ ትንፋሽ ስጡ፣ ቀጥሉ። ሌላ ሰው ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ይደውል።

7. የእኛ አካባቢ ቤት ሰሌዳ አይደለም

የጭቃ ግድግዳ ብሎን አይይዝም። ከማገሩ ወይም ከቋሚው እንጨት ጋር የተመታ ሳንቃ አስቀድሙ፣ ቆጣሪውን እሱ ላይ ስቀሉ። ጣና ዳር፣ ሽምብጥ በኩልና ወደ ዘጌ፣ እርጥበቱና ነፍሳቱ ሳጥን ውስጥ ይገባል። ተርብ ቤቱን ይሠራል። ሳጥኑን ስትከፍቱ ፊታችሁን ወደ ጎን አድርጉ፤ መሰላል ላይ ሆኖ ከተርብ መሸሽ ከኮረንቲው የባሰ አደጋ ነው። ኬብሉ ወደ ሳጥኑ በታች በኩል ይግባ፣ ከመግባቱ በፊትም ወደ ታች ጎንበስ ያለ ቅስት ይኑረው። የክረምት ዝናብ በዚያች ቅስት ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ቆጣሪው ውስጥ አይገባም። ነጎድጓድ ከተሰማ ከመሰላል ውረዱ።

8. የምዘናው ቀን

መዛኙ ያሰለጠናችሁ ሰው አይደለም። ጠባያችሁን አያውቅም። የሚያየው ፊቱ የሠራችሁትን ብቻ ነው፤ ስለዚህ የምትሠሩትን ድምፅ አውጥታችሁ ተናገሩ። «አሁን መለኪያዬን የሚሠራ ሶኬት ላይ እፈትሻለሁ። አሁን ይህን መስመር እለካለሁ፤ ኮረንቲ የለም። አሁን መለኪያዬን እንደገና እፈትሻለሁ።» ይህች የሦስት ጊዜ ልኬት አትዘለል። በመሃል ባትሪው ያለቀ መለኪያ «ዜሮ» ነው የሚላችሁ።

ሰዓት ያልቃል ብላችሁ አትሩጡ። ስህተት ከሠራችሁ አትደብቁ። «አጥፍቼ አስተካክላለሁ» በሉና አጥፍታችሁ አስተካክሉ። ስህተቱን ያረመውን መዛኝ ሲያሳልፈው አይቻለሁ፤ በክዳን የሸፈነው ግን ወድቋል።

9. «ገና ብቁ አይደለህም» ከተባላችሁ

ያ ቃል መጨረሻ አይደለም። የትኛው ክፍል ላይ እንደወደቃችሁ ጠይቁ። በዚያኑ ቀን ማታ፣ ሳትረሱት፣ የሆነውን ሁሉ ደብተራችሁ ላይ ጻፉ። ከዚያ ያንን ክፍል ብቻ ሰሌዳችሁ ላይ ደጋግማችሁ ለድጋሚ ምዘና ተመዝገቡ። ያለ ልምምድ በሚቀጥለው ዙር ዕድላችሁን ለመሞከር አትሂዱ፤ ክፍያውም ሞራላችሁም ይባክናል።

10. ሲኦሲ ስላላችሁ የማይፈቀድላችሁ

ሲኦሲ ሙያውን ትችላላችሁ ይላል። በራሳችሁ ስም የኤሌክትሪክ ሥራ ተቋራጭ ለመሆን ከነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን የብቃት ማረጋገጫ ያስፈልጋችኋል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎትን ቆጣሪ መክፈት፣ ማሸጊያውን መበጠስ፣ ከምሰሶው ጋር ማገናኘት የአገልግሎቱ ሠራተኛ ወይም ከአገልግሎቱ የሥራ ትእዛዝ የያዘ ሰው ሥራ ነው። የእናንተ ሥራ ከቆጣሪው በኋላ ያለው የቤት መስመር ነው፤ ቀጠሮ ተይዞ ቆጣሪ ሊገጠም ሲመጣ ግድግዳው፣ የመሬት ሽቦውና ብሬከሩ ተዘጋጅቶ እንዲጠብቅ አድርጉ።

ይህን ስትሠሩ አንድ ቀን የሚመጣባችሁ ጥያቄ አለ። እኔ ላይ የመጣው ከአንዲት ጥሩ እናት ነው። ቡና አፍልተውልኝ፣ ሁለተኛውን ስኒ እየሰጡኝ፦ «ልጄ፣ ለምጣዷ ብቻ ከቆጣሪው በፊት አንድ መስመር ብታወጣልኝ ምን ይልሃል? ሒሳቡ ከበደኝ እኮ።»

እንዲህ መልሱ፦ «እትዬ፣ ያ መስመር ብሬከር የለውም። ቢነካካ የሚያጠፋው የለም፣ ቤቱ ይነዳል። በሕግም እኔንም እርስዎንም ያስጠይቀናል።» ከዚያ የሚቻለውን አሳዩአቸው። እኔ የምጣዱን መሰኪያ ከፍቼ አየሁት፤ ልል ነበር፣ ግሎ ጠቁሯል። ቀየርኩላቸው። በሳምንት ሦስት ቀን ጥቂት ጥቂት ከመጋገር በአንድ ቀን አከታትለው እንዲጋግሩ ነገርኳቸው፤ ምጣዱ እንደገና ከቅዝቃዜ እስኪግል የሚበላው ቀላል አይደለም። ሦስተኛዋን ጠጥቼ ወጣሁ።